ቅንፍ የሰነፍ አይደለም!

አራት ሆነን ካፌ ገብተናል እንበል። አንዱ ጓደኛችን እንደ ልማዱ ሁላችንንም ወክሎ ያዛል፦ «አራት ማኪያቶና ኬክ!» አስተናጋጇ ቆም ትልና «ኬኩም አራት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ «ምን ትነዘንዘናለች?» በሚል ዐይን እናያታለን።

ልጅቱ ግን አልነዘነዘችንም። በዚያች ካፌ ውስጥ ሒሳብ በትክክል የገባት እሷ ብቻ ነበረች። የጠየቀችን ቅንፉ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ ነው። 4×(ማኪያቶ+ኬክ) ከሆነ ስምንት ነገር ተሸክማ ትመጣለች። 4×ማኪያቶ+ኬክ ከሆነ አምስት ነገር ይበቃል። «አራት ማኪያቶና ኬክ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይላል። እሷም አልገመተችም፤ ጠየቀች። ባትጠይቅ ኖሮ ወይ ያላዘዝነውን ሦስት ኬክ እንከፍላለን፣ ወይ ባንድ ኬክ ላይ አራት ሹካ ይዘን እንፋጠጣለን።

ዛሬ ልንሟገትለት የመጣነው ለዚህች ጥያቄ ነው። ማለትም ለቅንፍ። አዎ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ለተዋወቅናት፣ ቀጥሎም እንደ አሮጌ ደብተር ለረሳናት፣ ለዚያች የጎበጠች ምልክት። (እንዲህ ያለችው ናት።) አንባቢ «አገር በስንት ነገር ሲታመስ እናንተ ቅንፍ?» ቢሉን አንቀየምም። እስከ መጨረሻው ይታገሡን ብቻ።

ያቺ የፌስቡክ ጥያቄ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2019) ዓለምን ለሁለት የከፈለች አንዲት መስመር ነበረች፦ 8÷2(2+2)። ከባሕር ማዶ ተነስታ እኛም ሰፈር ደረሰች። ግማሹ «16» አለ፤ ግማሹ «1» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። «አንተ መሐይም»፣ «አንቺን ማን አስተማረሽ»፣ «ዲግሪህን መልስ» ተባባልን። ዛሬም ቢሆን ቁጥሮቿን ቀያይራ በየጥቂት ወሩ ብቅ ትላለች፤ ስድቡም ሳይቀያየር አብሯት ይመጣል።

እስቲ ተረጋግተን እንያት። ቅንፉ ውስጥ ያለው 4 ነው፤ በዚህ ማንም አልተጣላም። ከዚያ በኋላ 8÷2×4 ይሆናል። ማካፈልና ማባዛት እኩል ማዕረግ ስላላቸው ከግራ ወደ ቀኝ እንሂድ ያለ ሰው 4×4 ብሎ 16 ያገኛል። ሌላው ደግሞ «2 እና ቅንፉ ምንም ምልክት ሳይገባባቸው የተጣበቁት አንድ አካል ስለሆኑ ነው» ብሎ 8÷8 ያደርግና 1 ያገኛል። ሁለተኛው ሰው አላበደም። በብዙ የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት የተጣበቁ ነገሮች እንደ አንድ አካል ይነበባሉ።

ማሽኖቹም ቢሆኑ አልተስማሙም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ቲ.አይ.-82 የተባለው ካልኩሌተሩ የተጣበቀውን ማባዛት እንዲያስቀድም አድርጎ ሠራ፤ ተከታዩ ቲ.አይ.-83 ግን አያስቀድምም። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ 1 ሌላው 16! ታዲያ ኩባንያው ራሱ ከራሱ ጋር ያልተስማማበትን ነገር ይዘን ነው «ዲግሪህን መልስ» የምንባባለው?

በዚያው ሰሞን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ስትሮጋትዝ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚችው መስመር ጽፈው ነበር። እሳቸው በትምህርት ቤቱ ደንብ 16 ይሆናል ቢሉም፣ ዋናው ነጥባቸው ሌላ ነበር፦ በሙያው የሚኖር ሰው እንዲህ አድርጎ አይጽፍም፤ ቅንፍ ጨምሮ ይገላገላል። (8÷2)×(2+2) ብትጽፍ 16 ነው። 8÷(2×(2+2)) ብትጽፍ 1 ነው። አለቀ። ጠብም የለም፣ ስድብም የለም።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ጥያቄዋ የሒሳብ ጥያቄ አይደለችም፤ ደካማ ጽሑፍ ናት። አጥፊው 16 ያለውም 1 ያለውም ሳይሆን የጻፋት ሰው ነው። እኛ ግን ጸሐፊውን ትተን አንባቢዎቹ እርስ በርስ ተቧቀስን። ይህ ነገር ከሒሳብ ውጭ ሌላ ቦታ የሚያውቁት ከመሰለዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ አልተሳሳቱም።

የሠላሳ ዓመቱ ሰውዬና የ3,150 ብሩ ጉዳይ

አሁን ስለራሳችን ጥፋት እንናገር። አንድ ጊዜ ለወዳጆቻችን ዝግጅት 60 ቲሸርት ማሳተም ነበረብን። ከአንድ ኅትመት ቤት ጋር ተነጋገርን። ቲሸርቱ 350፣ ኅትመቱ 90፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። ተስማማን። እኛም «የተማርን» ነንና ስምምነቱን በወረቀት አሰፈርነው፦ የአንዱ ዋጋ 350+90×1.15።

ክፍያ ቀን ደረሰ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልልቅ ቁልፍ ያለውን ካልኩሌተር ሳበና እንደተጻፈው ነካካው። 506 አለው። እኛ ስልካችንን አውጥተን እንደተጻፈው ነካካነው። 453.50 አለን። በአንድ ቲሸርት የ52.50 ብር ልዩነት፤ በስድሳው 3,150 ብር።

ያን ቀን የተናገርነውን ብንደግመው ያሳፍረናል። «አጭበርባሪ» የሚለው ቃል ከመካከላችን ካንዱ አፍ ወጥቷል። ሰውየው «ሠላሳ ዓመት በዚህ ካልኩሌተር ሠርቻለሁ» እያለ ደጋግሞ ቁልፎቹን ሲጫን ይታየናል። እሱ በተጫነ ቁጥር 506። እኛ በተጫንን ቁጥር 453.50። በመጨረሻ ሰው ተሰበሰበና፣ በማፈሩ ይሁን በመሰልቸቱ፣ የኛን ሒሳብ ተቀበለን። ድል አድርገን ወጣን።

ማታ ላይ ነው የገባን። የጠረጴዛ ካልኩሌተር የሚቀጥለውን አይጠብቅም፤ የተነገረውን እዚያው ሠርቶ ይጨርሳል። 350+90 ሲባል 440 ይላል፤ ከዚያ በ1.15 ያባዛል። የስልኩ ካልኩሌተር ግን መስመሩን አንብቦ ማባዛቱን ያስቀድማል። የዊንዶውስ ካልኩሌተር እንኳ «ስታንዳርድ» በሚባለው ገጹ 2+3×4 ሲሉት 20 ይላል፤ «ሳይንቲፊክ» ወደሚባለው ሲዞር 14 ይላል። ሁለቱም ማሽኖች አልዋሹም። ቫቱ ደግሞ ለቲሸርቱም ለኅትመቱም እንደሆነ በቃል ተስማምተን ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው (350+90)×1.15 ነው፤ 506 ብር ነው፤ ሰውየው ሐቀኛ ነበር። ወረቀቱን የጻፍነው እኛ ነን። ሁለት የቅንፍ ምልክት ስለቆጠብን አንድን የተከበረ ሰው በደንበኞቹ ፊት አጭበርባሪ አስባልነው።

3,150 ብሩን ይዘን ተመለስን። ሰውየው ተቀብሎ «ችግር የለም» አለን። ችግርማ ነበረ። ብሩ ይመለሳል፤ ያቺ ቃል ግን አትመለስም።

ቦድማስ ወይስ ድግምት?

ታዲያ እኛ ይህንን ሁሉ ዓመት ስንማር ምን ነበር የተማርነው? ቦድማስ! ብራኬት፣ ኦርደር (ሌላው መምህር «ኦፍ ነው» ይላል)፣ ዲቪዥን፣ መልቲፕሊኬሽን፣ አዲሽን፣ ሰብትራክሽን። ጮክ ብለን ዘምረናታል። እንደ ድግምትም ሠርታልናለች፤ ምክንያቱን ስለማታስጠይቅ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። መደመርን «መደመር»፣ መቀነስን «መቀነስ» ብሎ የተማረው ልጅ ቅደም ተከተሉን ከማያውቀው ቋንቋ በተሰበሰቡ ስድስት ፊደላት እንዲሸመድድ ይደረጋል። ፊደላቱ ደግሞ ያታልሉታል። «አዲሽን» ከ«ሰብትራክሽን» በፊት ስለተጻፈ 10−3+2 ሲሰጡት መደመሩን ያስቀድምና 5 ይላል። መልሱ 9 ነው። አሜሪካን አገር ያለው ልጅ በበኩሉ «ፔምዳስ» ተብሎ ነው ያደገው፤ የእሱ ድግምት ማባዛትን ከማካፈል በፊት ይጠራል። ሁለቱ ልጆች ፊደላቸውን እንደወረደ ቢከተሉ በ12÷2×3 ላይ የእኛው 18፣ ያኛው 2 ይላሉ። ማካፈልና ማባዛት፣ መደመርና መቀነስ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል መሆናቸውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚህ መሆኑን ድግምቱ አይናገርም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ቅንፍ በዚህ ዝማሬ ውስጥ የያዘችው ቦታ ነው። «መጀመሪያ የሚሠራው» ተብላ ብቻ ተዋወቅናት። ቅንፍ ግን የሩጫ ተራ ቁጥር አይደለችም። «ይህንን እንደ አንድ ነገር ቁጠረው» የምትል ቋጠሮ ናት። ቋጠሮውን ስትፈታ ውስጡ ያለው ሁሉ ድርሻውን ማግኘት አለበት።

ይህ ካልገባን የሚመጣውን እንይ። ደሞዝ 10,000 ብር ነው። የቤት ኪራይ 6,000፣ ዕቁብ 1,000። የሚቀረው 10,000−(6,000+1,000)፣ ማለትም 3,000 ነው። ቅንፉን ሲፈታ የመቀነስ ምልክቱን ለኪራዩ ብቻ የሰጠ ተማሪ 10,000−6,000+1,000 ብሎ 5,000 ያገኛል። አያችሁልን? ዕቁቡ ገንዘብ መውሰዱን ትቶ መስጠት ጀመረ! እንዲህ ያለ ዕቁብ ያለበትን ሰፈር የሚያውቅ ይጠቁመን። ይህን ስሕተት ቀይ እስክሪብቶ ብቻ አያርመውም። «ዕቁቡም ከደሞዝህ ላይ ነው የሚወጣው» የሚል ሰው ነው የሚያርመው።

እኛ በተማርንበት አንድ ክፍል ውስጥ 3+(4×5) ብሎ የጻፈ ልጅ ነበር። መምህሩ «ቅንፉ አላስፈላጊ ነው» ብለው ግማሽ ማርክ ቀነሱበት። መልሱ 23 ነው፤ ልጁም 23 ብሏል። ምን አጠፋ? ያሰበውን በግልጽ በመጻፉ ተቀጣ። ክፍሉ በሙሉ ያን ቀን አንድ ትምህርት ቀሰመ፦ ግልጽ መሆን የደካማ ነው፣ ጎበዝ ማለት ሌላው እንዲደናገር አድርጎ የሚጽፍ ነው። ያንን ትምህርት ይዘን አድገን ይኸው ደብዳቤ እንጽፋለን፣ መመሪያ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ይህን ያመጣው የቅንፍ ችግር ነው ብለን አንቀልድም፤ የችግሩ ዝርዝር ረጅም ነው። ነገር ግን ልጅን «ለምን ወደቅህ?» ከማለታችን በፊት ያስተማርነው ማንበብና መጻፍ ነው ወይስ ድግምት መድገም የሚለውን ራሳችንን ብንጠይቅ ምን ይለናል?

ከሰማይ አልወረደችም

ቅንፍን እንደ ሃይማኖት ሥርዓት የሚፈሯት አሉ። ከሰማይ የወረደች ግን አይደለችም፤ ሰዎች ስለተቸገሩ የፈጠሯት ናት። ጣሊያናዊው ታርታልያ እ.ኤ.አ. በ1556 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ትገኛለች። አልበርት ዢራር እ.ኤ.አ. በ1629 ተጠቅሞባታል። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙዎች አንድ ላይ የሚቆጠሩትን ቁጥሮች ከላይ ወይም ከታች በመስመር ያያይዟቸው ነበር። ያ መስመር እስካሁንም አልሞተም፤ የስኩዌር ሩት ጣሪያ ሆኖ፣ የክፍልፋይ ወገብ ሆኖ አብሮን ይኖራል።

የክፍልፋይ መስመር ድብቅ ቅንፍ ነው። በደብተር ላይ 8+4 ከላይ፣ 2 ከታች ስንጽፍ መልሱ 6 መሆኑን ማንም ያውቃል። ያንኑ ወደ ኤክሴል ስንወስደው ግን 8+4/2 ብለን እንጽፍና 10 ሲለን «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» እንላለን። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። መስመሯ ስትጠፋ ቅንፏም አብራ ጠፍታ ነው። (8+4)/2 ማለት ነበረብን። ኮምፒውተሮችም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ቋንቋ አይናገሩም። የመቀነስ ምልክት ያለበትን 2 ያለ ቅንፍ ጽፈው ካሬውን ቢጠይቁ ኤክሴል 4 ይላል፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ −4 ይላል። ደሞዝም፣ ብድርም፣ የድርጅት ሒሳብም በእነዚህ ላይ በሚሠራበት ዘመን «ደንቡን ስለማውቅ ቅንፍ አያስፈልገኝም» የሚል ሰው የትኛውን ደንብ ማለቱ ነው?

ሰምና ወርቅ በቦታው

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ቋንቋችን በሁለት ትርጉም የሚጫወት ነውና። «የድሮ መጽሐፍ ሻጭ» ስንል ምን ማለታችን ነው? (የድሮ መጽሐፍ) ሻጭ ከሆነ ሰውየው ዛሬም በየመንገዱ ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ዘርግቶ አለ። የድሮ (መጽሐፍ ሻጭ) ከሆነ ሥራውን ትቶ ምናልባት ዛሬ ራይድ ይነዳል። ቃሉ አንድ፣ ሰው ሁለት።

በቅኔ ቤት ይህ ሀብት ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የፈለገ ይደሰታል፤ ያላገኘውም ቢሆን ኪሱ አይጎድልም። በደረሰኝ ላይ ግን ወርቁ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መታወቅ አለበት! ውል ሰምና ወርቅ ሲኖረው ወርቁን የሚወስደው ጠበቃ መቅጠር የቻለው ነው። ድርብ ትርጉም ለባለቅኔ ጌጥ፣ ለሒሳብ ዕዳ ነው።

«ቅንፍ ሲበዛስ?»

ተቃዋሚዎቻችን እንዲህ ይሉናል፦ «ሁሉም ነገር ላይ ቅንፍ ከደረደርን ((3)+((4)×(5))) እየጻፍን ልንሞት ነው።» እውነት አላቸው። ይህ እንደ ሽቦ አጥር ነው፤ ውስጡ ያለውን ሰው አያሳይም። የስሌት ቅደም ተከተል ደንብ የተፈለገውም ለዚሁ ነው፤ አልጀብራ በየመስመሩ ቅንፍ ቢደረደርበት አይነበብም ነበር። ያለ ቅንፍ መኖርም ይቻላል። ፖላንዳዊው ሊቅ ያን ዉካሼቪች ምልክቱን ከቁጥሮቹ በፊት በማስቀደም ቅንፍ የማያስፈልገው አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አቅርቧል። የእሱ ግልባጭ የሆነውን አጻጻፍ ኤች.ፒ.-35 የተባለው የኪስ ካልኩሌተር እ.ኤ.አ. በ1972 ይዞ ገበያ ወጥቷል።

እኛ ግን በቁጥር መሐል ምልክት እያስገባን የምንጽፍ ሰዎች ነን። ለእኛ መለኪያው አንድ ነው፦ የሚያነበው ሰው ሁለት መንገድ ያገኛል ወይ? አንድ ብቻ ካገኘ ቅንፉ ይቅር። ሁለት ካገኘ ቅንፍ ማስገባት የጸሐፊው ግዴታ ነው። ደንቡ ለሚያውቁት ማሳጠሪያ እንጂ ለማያውቁት ወጥመድ እንዲሆን አልተሠራም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

መምህራን ሆይ፣ መልሱን ሳይለውጥ ቅንፍ የጨመረን ተማሪ ማርክ አትቁረጡበት። ያሰበውን እያሳያችሁ ነው።

ፈተና አውጪዎች ሆይ፣ ተማሪው ሒሳብ ይችል እንደሆነ ፈትኑት እንጂ ወጥመድ አትቅበሩለት። የማካፈል ምልክቷን ÷ን እ.ኤ.አ. በ1659 ለዚህ ሥራ በመጽሐፉ ያተማት ዮሐን ራን ነው፤ ዛሬ አይ.ኤስ.ኦ. 80000-2 የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ምልክቶች ደረጃ አትጠቀሙባት ይላል። የክፍልፋይ መስመር አለላችሁ፤ ቅንፍ አለላችሁ።

እኛ ወጣቶች ደግሞ፣ ያቺ የፌስቡክ መስመር እንደገና ብቅ ስትል «16 ነው»፣ «1 ነው» እያልን ሰው አንሳደብ። «ቅንፍ ይጎድላታል» እንበልና እንለፍ። ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት አንብበው ሁለት መልስ ካገኙ፣ አንዱን ደንቆሮ ሌላውን ሌባ ከማለታችን በፊት ወረቀቱን እናንብበው። ምናልባት የጻፍነው እኛው ነን።

ከኅትመት ቤቱ ሰውዬ ጋር ዛሬም እንሠራለን። ዋጋ ሲነግረን አንዱ የእኛ ልጅ ወረቀት ያወጣና ቅንፍ ይከፍታል፤ ሰውየው በመነጽሩ በላይ አይቶ «ዝጋው እንጂ!» ይለዋል። ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም።